የፈረመችበት ሽጉጥ

«የሷ ነው» ሲል ሰማችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። ነገር ግን የወታደራዊ ፖሊሱ ጣቢያ ክፍሎች በስስ ጣውላ የተከፋፈሉ፣ በሩም ገጥሞ የማይዘጋ ስለነበር፣ ሮሼል ቶሊቨር ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጠችበት የፕላስቲክ ወንበር ሆና ቃሉን አንድ በአንድ ለየችው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ የባሏን ድምፅ በየመልኩ ታውቀዋለች። ሲቆጣ የሚያወጣው አለ፣ ሲያባብል የሚያወጣው አለ፣ ለአለቃ ሲናገር የሚያወጣው አለ። ይሄ የአለቃው ነበር። «ራሷን እንድትጠብቅበት ብዬ የገዛሁላት ነው። መኪና ውስጥ ይዛው እንደምትዞር አላውቅም ነበር» አለ ዴዝሞንድ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሮሼል መጀመሪያ ላይ ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ነበር የመሰላት። ባሏ ሳያውቅ ሽጉጥ ይዛ የምትዞር አንዲት ሴት ተይዛ ነው ብላ ልታዝንላት ምንም አልቀራት። ከዚያ ስሟን ሰማች።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ የከፋ ነገር ብላ ያሰበችው የመኪናዋ ባትሪ መድከሙን ነበር። አዲስ ባትሪ መቶ ሰማንያ ዶላር ገብቷል ሲባል ሰምታለች፤ እሱን እያሰላሰለች የዴዝሞንድን ፒክአፕ ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አንሥታ ወጣች። እሱ ገና ሳይነጋ ለሩጫ ልምምድ በጓደኛው መኪና ሄዷል። ያን ፒክአፕ ከዚያ በፊት ብቻዋን ነድታው አታውቅም፤ ወንበሩን ወደፊት ለመሳብ እንኳ እጀታውን ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ ወስዶባታል። የጦር ሰፈሩ በር ላይ ስትደርስ በአሥር መኪና አንድ እየቆጠሩ የሚያስቆሙበት ቀን ሆነና አሥረኛዋ እሷ ሆነች። ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ያለበት ጎረምሳ ዘበኛ ጎንበስ ብሎ «እመቤቴ፣ የግል መሣሪያ ወይም ጥይት ይዘዋል?» አላት። «የጥርስ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ያለኝ መሣሪያ ጉጠት ብቻ ነው» አለችው። ልጁ ሳቀ። እየሳቀም በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለውን ሣጥን ከፈተ፤ የቤንዚን ደረሰኝ፣ የኬቻፕ ከረጢት፣ የተጨማደደ ሶፍት እያነሣ ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ መሳቁን ተወ። «እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉልኝ» አለ በቀስታ። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ነበር።

ከመኪናው አስወርደው መንገድ ዳር ሲያቆሟት ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች አንድ በአንድ በአጠገቧ አለፉ። ከክሊኒኩ የመዝገብ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ አለፈች፤ አየቻት፤ ዞር አለች። ሮሼል ግን ያን ጊዜ አልፈራችም። ዴዝሞንድ ይመጣል፣ የኔ ነው ረስቼው ነው ይላል፣ ይቆጡታል፣ ያበቃል ብላ አሰበች። እንዲያውም አዘነችለት። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ማታ ቤት ሲገባ ምን ብላ እንደምታጽናናው ቃል እየመረጠች ነበር።

መርማሪዋ ኢባራ የምትባል ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ሮሼልን ወደ ክፍሉ አስገብታ፣ ዴዝሞንድን ወደ ውጭ ላከችው። በር ላይ ሲተላለፉ ቀና ብሎ አላያትም። ኢባራ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አዙራ አስቀመጠችላት። ጦር ሰፈሩ የግል መሣሪያ የሚመዘግብበት ቅጽ ነው። የሽጉጡ ዓይነት፣ ቁጥር፣ ከዚያ የባለቤቱ ስም፣ ሮሼል ቶሊቨር ይላል። ከታች ፊርማ አለ። «ፊርማው የእርስዎ ነው?» አለቻት። የሷ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ላይ ወርወር የምታደርጋት ነገር አለች፤ እሷም አለች። ቀኑ የካቲት ውስጥ ነው። ሮሼል ቀኑን አስታወሰችው። እሑድ ነበር፤ ዴዝሞንድ አንድ ክምር ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ የኢንሹራንስ እድሳት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሌላም ሌላም። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» እያለ ገጹን ይገልጥላታል፤ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በመዳፉ ይይዝላታል። «ቤቱን ሸጥከው እንዴ?» ብላው ስቀው ነበር።

ኢባራ የሚሆነውን ሁሉ ሳታጣድፍ ነገረቻት። መሣሪያው መመዝገቡ ጥይት እንደጎረሰ ይዘውት እንዲዞሩ አይፈቅድም፤ ለዘበኛው የለኝም ብላለች፤ ሲቪል ስለሆነች ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እስኪወሰን ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ጦር ሰፈሩ ውስጥ መግባት አትችልም። ባጇን እዚሁ ትታ ትሄዳለች። ፒክአፑም ይያዛል። «ባለቤትዎ ቃላቸውን ሰጥተው ፈርመዋል» አለች ኢባራ። «እርስዎ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አስበውበት፣ ከበሩ ውጭ ካለው የእንግዶች ቢሮ መጥተው ቃልዎን ይስጡ። ዝም ማለትም መብትዎ ነው፤ ጠበቃ መያዝም መብትዎ ነው።» ሮሼል ባጇን ከአንገቷ አወለቀች። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች ገና አራተኛ ወሯ ነው፤ ባጁ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የሚሰጥ ነበር።

ዴዝሞንድ የጓደኛውን ትንሽ መኪና ተውሶ ወደ ቤት ይዟት ተመለሰ። ከጦር ሰፈሩ በር ውጭ ያለው ጎዳና እንደ ወትሮው ነበር፤ ፀጉር ቤቱ፣ ንቅሳት ቤቱ፣ ዕቃ አስይዞ የሚያበድረው ሱቅ፣ ለወታደር የመጀመሪያ ወር ነፃ የሚለው የኪራይ ቤት ማስታወቂያ፣ ከዚያ የመሣሪያ መሸጫው፤ መስኮቱ ላይ ለወታደር አሥር በመቶ ቅናሽ የሚል ትልቅ ቀይ ጽሑፍ አለው። ዴዝሞንድ የዶሮ ጥብስ ቤቱ ግቢ ውስጥ ገብቶ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። በአራት ሰዓት ዘይቱ ገና እየሞቀ ነው፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ገባ።

«ላስረዳሽ» አለ።

«አስረዳኝ።»

ካለፈው ዓመት ጀመረ። ጦር ሰፈሩ ውስጥ ተኩስ አለ ተብሎ ሳይረን ሲነፋ፣ የመጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ የበሩን እጀታ በቀበቶው አስሮ፣ ከሁለት ልጅ እግር ወታደሮች ጋር መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። በኋላ የሐሰት ጥሪ መሆኑ ታወቀ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለብሼዋለሁ ይሄን ልብስ። ሁለት ጊዜ ጦር ሜዳ ሄጃለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ላይ የነበረው ስቴፕለር ነው፣ ሮሼል። አንደኛው ልጅ ምን እናድርግ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ ስቴፕለር ይዣለሁ» አለ። አሁን ምክንያቱን ጽፎ ያመለከተን ሰው አዛዡ የግል መሣሪያ እንዲይዝ ሊፈቅድለት እንደሚችል እሷም ሰምታለች። እሱ ግን ማመልከት አልቻለም። ከመጋባታቸው በፊት፣ ወታደር ቤት ሲያድር አልጋው ሥር ሽጉጥ ተገኝቶበት የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ማህደሩ ውስጥ አለ። ሁለተኛ ከተገኘበት አለቀለት። «ስምንት ወር ነው የቀረኝ። ስምንት ወር። ከዚያ ጡረታው አለ፣ ሕክምናው አለ፤ ላንቺም ነው፣ ለእማዬም ነው።»

«በኔ ስም ያስመዘገብከው ለዚህ ነው?»

«ያንቺ ስም ንጹሕ ነው። አንዴ ቢነካ ይችላል። ቅጣት ትከፍያለሽ፣ ምናልባት የሆነ ትምህርት ውሰጂ ይሉሽ ይሆናል፣ ያልፋል። የኔ ግን አይችልም።»

«እሑድ ቀን ስፈርም» አለች፤ «እጅህን ወረቀቱ ላይ አድርገህ ነበር። ምኑን ነው የሸፈንከው?»

ዴዝሞንድ በመስኮቱ በኩል ወደ ዶሮ ቤቱ አየ። አንዲት ልጅ የምግቡን ዋጋ ሰሌዳ ላይ እየለጠፈች ነበር። መልሶ እስኪናገር ድረስ ልጅቷ ሁለት ቁጥር ለጠፈች።

«አርዕስቱን» አለ።

ሮሼል ይዋሻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ባለመዋሸቱ የባሰ ሆነባት። እስከዚያ ድረስ ደንግጦ ነው፣ አለቃ ፊት ሲቆም አፉ ያመጣለትን ተናግሮ ነው ብላ ልታስብለት የምትችልበት አንድ ቀዳዳ ነበረ። አሁን መዳፉ ታያት፤ ያ ሰፊ መዳፉ፣ ጣቶቹን ገጥሞ፣ ረጋ ብሎ። ከየካቲት ወዲህ ስድስት ወር አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ልደቷን አክብሮላታል፤ ቋሚ የሆነች ቀን ምግብ ቤት ወስዷት ለዘጠና ዶላር የባሕር ምግብ አብልቷታል። ያን ሁሉ ጊዜ ስሟን እዚያ አስቀምጦታል፤ ቢያስፈልግ ብሎ፣ እንደ ትርፍ ጎማ።

ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቤት ነዳ። እሱ አውርዷት ወደ ሥራው ተመለሰ።

እማማ ሎቲ፣ የዴዝሞንድ እናት፣ ወጥ ቤት ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፅ ሳይኖረው በርቷል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ካመማቸው ወዲህ አብረዋቸው ይኖራሉ። ሮሼል ስትገባ ለምን ከሥራ እንደተመለሰች አልጠየቁም። «አንዱ እስር ጎመን ሦስት ዶላር ገባ» አሉ። «ገሚሱ ደግሞ ቢጫ ነው። ድሮ ይሄን ለዶሮ ነበር የምንሰጠው።» ሮሼል ቦርሳዋን አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና አንድ እስር ወደ ራሷ ሳበች። አብረው ቀነጠሱ። ሮሼል አማቷ ቀና እንደማይሉ አስተዋለች፤ ቅጠሉን ይገለብጣሉ፣ ግንዱን ይሰብራሉ፣ ሳህኑ ላይ ይጥላሉ፣ ዓይናቸው ከዚያ አይነሣም።

«ደውሎልዎታል» አለች።

«ደውሎልኛል።»

«መቼ?»

«ጠዋት። ወደዚያ ጣቢያ ከመግባቱ በፊት።»

ከመግባቱ በፊት። ሮሼል የያዘችውን ቅጠል አስቀመጠች። እሷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የማጽናኛ ቃል ስትመርጥ፣ ለእናቱ ደውሎ የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

እማማ ሎቲ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ፈርሚለት ልጄ» አሉ። «እኔም ለአባቱ ፈርሜያለሁ። ዴዝሞንድ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ጠጥቶ ሲመጣ ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ጋ አንድ ሰው ገጨ። የሰውየው እግር ተሰበረ። ከሥራ እንዳያባርሩት የነዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «መንዳት እንኳ አልችልም ነበር። ዳኛው ሁለት ዓመት መንጃ ፈቃድ እንዳታወጪ ብሎ ፈረደብኝ። ፋብሪካው ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ሠራሁ።»

«ባለቤትዎ ምን አሉዎት?»

«ጥሩ ሚስት ናት ይል ነበር። ሰው ባለበት ሁሉ ይላታል።»

«ሰው በሌለበትስ?»

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ጎመኑ መለሱ። ከሳህኑ ላይ አንድ የተበሳ ቅጠል አንሥተው ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት። «ሰው በሌለበት ስለሱ አውርተን አናውቅም» አሉ በመጨረሻ። ድንች ስለ መጨመር ጠየቋት፤ ሮሼል እንደፈለጉ አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ አለቃዋ ደወለችላት። ድምፅዋ መልካም ነበር። ቦታው ሠላሳ ቀን ይጠበቅልሻል፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ግን የመግቢያ ፈቃድ ከሌለሽ ሰው መቅጠር ግዴታችን ነው አለቻት። መሳቢያዋ ውስጥ ያለውን ዕቃ፣ ክፍት ጫማዋንና የሻይ ኩባያዋን፣ በሰው እንደምትልክላት ነገረቻት። ሮሼል አመሰገነቻት። ኩባያውን ግን አልፈለገችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከተማ አውቶቡስ ተሳፈረች። አማቷ ስትወጣ አዩዋት፤ ምን ልትጽፊ ነው አላሏትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። መንገዱን ሁሉ ስለ ስምንቱ ወር አሰበች። ስምንት ወር እውነት ነው፤ ጡረታው እውነት ነው፤ የእማማ ሎቲ የጉልበት ሐኪም እውነት ነው። ስቴፕለሩም እውነት መሆኑን አልተጠራጠረችም። የካቲት ላይ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ሮሼል ፈርቻለሁ፣ በስምሽ ላስመዝግብ ቢላት ኖሮ ምን ትለው ነበር ብላ ራሷን ጠየቀች። ምናልባት ትፈርምለት ነበር። ይሄን ስታስብ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና መንገዱን ወደ ማየት ተመለሰ።

የእንግዶች ቢሮው ውስጥ ኢባራ ቅጹን ሰጠቻት፤ ሮሼልም መጀመሪያ አርዕስቱን አነበበችው። ከዚያ ሌላውን ሁሉ፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ሳይቀር፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ኢባራ ቆማ ጠበቀች፤ አላጣደፈቻትም። ለመጻፍ ሃያ ሙሉ መስመር ነበረ፤ ሮሼል ከአምስቱ አልፋ አልሄደችም። ፊርማው የኔ ነው። ሽጉጡ የኔ አይደለም። ከዛሬ ጠዋት በፊት አይቼው አላውቅም። ባሌ የካቲት ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስፈረመኝ፤ አርዕስቱን በእጁ ሸፍኖት እንደነበር ዛሬ ራሱ ነግሮኛል።

ኢባራ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ ባለቤትዎን ከሠራዊቱ ሊያስወጣቸው ይችላል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እርስዎን ደግሞ ነፃ ላያወጣዎት ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። እገዳውም ለጊዜው አይነሣም።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች ሮሼልና ፈረመች።

ዴዝሞንድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። የበላይ አለቃው ሻምበል ቢሮ አስጠርቶት ቃሏን አንብቦለታል፤ ምርመራ እስኪጠናቀቅ ከመጋዘኑ ኃላፊነት ተነሥቷል። ይሄን ሁሉ በር ላይ እንደቆመ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተናገረ። አልጮኸም። ቢጮኽ ደስ ይላት ነበር። እማማ ሎቲ ጎመኑን፣ የበቆሎ ቂጣውንና የአሳማ ጥብሱን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ሦስቱም እንደ ሌላው ቀን በየወንበራቸው ተቀመጡ። ጎረቤት ሣር ማጨጃውን አስነሥቶ አጠፋው።

«ሥራሽም የለ፣ ሥራዬም የለ» አለ ዴዝሞንድ። «እስቲ አሁን ምን አተረፍሽ?»

ሮሼል ሳህኗን አየች። ያተረፈችው ነገር አልነበረም። ቀና ስትል ግን እማማ ሎቲ ሹካቸውን አስቀምጠው ልጃቸውን እያዩት ነበር።

«ዴዝሞንድ» አሉ። «እዚህ ሻምበል የለም። ፖሊስ የለም። እኔና ሚስትህ ብቻ ነን። ሽጉጡ የማነው?»

«እማዬ፣ እንብላ።»

«የማነው ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ዴዝሞንድ እናቱን አየ፤ ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮሼልን ፊት ለፊት አየ። የደከመ ዓይን ነበረው። ሮሼል አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው፤ ያን ቃል ቢላት ነገ የሚመጣውን ሁሉ፣ ፍርድ ቤቱንም ድህነቱንም፣ አብራው ልትሸከመው በልቧ ዝግጁ ነበረች።

«የሁላችንም ነው» አለ። «የቤቱ ነው።»

እማማ ሎቲ በቀስታ ተነሡ፤ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከፊቱ ያለውን ሳህን አነሡ። «አልጨረስኩም» አለ ዴዝሞንድ። እናቱ ጥብሱን እንዳለ ቆሻሻው ውስጥ ገለበጡና ሳህኑን ማጠብ ጀመሩ።

ሮሼል ሜከን ከተማ ለምትኖረው ለእህቷ ደወለች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣ ፈለገች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሦስቱም የወታደር ሻንጣዎች ናቸው፤ በሦስቱም ላይ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፏል። መልሳ አስገባቻቸው። ልብሷን የቆሸሸ ልብስ በሚጠራቀምበት ቅርጫት አጥፋ ጨመረች፣ የክሊኒክ ዩኒፎርሞቿን ትታ። ቅርጫቱን ታቅፋ ወጥታ የደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እህቷ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባታል። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና እማማ ሎቲ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። ደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ለመቀመጥ ተቸገሩ፤ ሮሼል ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ውስጥ ዴዝሞንድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። አሮጊቷ ቅርጫቱን ከሮሼል ጭን ላይ ወስደው የራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ከላይ ያለውን ሹራብ አውጥተው ዘረጉት፤ እንደገና በሥርዓት አጣጥፈው መለሱት፤ ከዚያ ቀጣዩን አወጡ።